ድሪፍት ነው ብዬ ያንኳኳሁት በር

ባሌን ያገኘሁት ኤለመንቴ ስለቀዘቀዘ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲሳቅበት ኖሯል። እኔም ደጋግሜ አውርቼዋለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ሲያስቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን የምጽፈው ግን ለማሳቅ አይደለም። በዚያ ሳቅ ልጄ ተጎድታለች፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ጨዋታውን ብቻ ያወራሁ ይሆናል።

ስዊድን ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሮግስቬድ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍልና ኩሽና ተከራይቼ ስኖር ማሞቂያው፣ እዚህ ሁላችንም ኤለመንት የምንለው፣ በኅዳር ወር ቀጥ አለ። ደረጃው መግቢያ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነበር፤ «ድሪፍት» ይልና ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለው። ሊፍቱ ሲበላሽም «ኡር ድሪፍት»፣ ከሥራ ውጪ ማለት ነው፣ የሚል ይንጠለጠልበታል። ስለዚህ በእኔ ስዊድንኛ ድሪፍት ማለት የተበላሸ ነገር የሚጠግኑ ሰዎች ማለት ነበር። ብዙም አልተሳሳትኩም፤ ቃሉ የሕንጻን ሥራ ማስኬድ ማለት ነው። ችግሩ ስልኩ ነው። ብደውል ብደውል አይነሳም፣ ሲነሳም የሚሉኝ አይገባኝም፣ የምለው አይገባቸውም። ካፖርቴን ለብሼ እተኛ ነበር።

ያኔ ጠዋት ጠዋት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሕንጻ አጸዳለሁ። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሬቱን ስወለውል አንድ በር ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት አየሁ፤ «ኮንቲኔንታልድሪፍት»። የፊተኛውን ቁራጭ የኩባንያ ስም ነው ብዬ አለፍኩት። የኋለኛውን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። እነዚህ ሰዎች እዚህ ነው ለካ የተደበቁት! ደሜ ፈላ። መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ሻሼን አስተካክዬ፣ አንኳኳሁና ግቢ እስክባል ሳልጠብቅ ገባሁ።

አሥር የሚሆኑ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ግድግዳው ላይ የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ካርታ ተለጥፏል። ሳምንት ሙሉ ያጠናኋትን የስዊድንኛ ዓረፍተ ነገር ለቀቅኳት፤ ኤለመንቴ ቀዝቅዟል፣ ብዙ ጊዜ ደውያለሁ፣ መቼ ነው የምትመጡት? ጺሙ የነጣ አንድ ሰውዬ መልሱ ወረቀቱ ላይ ያለ ይመስል ማገላበጥ ጀመረ። ከወዲያ ጫፍ አንድ ሐበሻ ተነሣ። ሳቁን ለመዋጥ ጉንጩን ነክሶ ነበር።

«እህቴ፣ እዚህ የሚታየው የአህጉር ጉዳይ ነው፤ የኤለመንት አይደለም» አለኝ።

ወደ ኮሪደሩ ይዞኝ ወጣና ለምሳው የያዘውን ዳቦ ቆረሰው። ሁለቱን ቁራሽ አራራቃቸው፣ መልሶ ገጠማቸው። አህጉራት እንደዚህ አንድ ላይ ነበሩ፣ ተላቅቀው ሄዱ፣ ዛሬም እየሄዱ ነው፣ ይህን ድሪፍት ይሉታል አለኝ። ይህን ሐሳብ የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት የሰነዘሩ ሰዎች እንደተሳቀባቸው፣ ክርክሩ ለብዙ ዓመታት እንዳልበረደም ነገረኝ።

«ይሳቅባቸው፤ የእኔስ ኤለመንት?» አልኩት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሮግስቬድ መጣ። ከኪሱ የጣት ቁመት የማታክል ቁልፍ አወጣ፤ ኤለመንቱ ጎን ላይ ካለችው ቀዳዳ ከትቶ ሲያዞራት የታፈነው አየር ሽሽሽ እያለ ወጣ። እኔ ውሃው እንዳይፈስ ኩባያ ይዤለት ነበር። አየሩ አልቆ ውሃ ሲመጣ ዘጋው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብረቱ እጄ ሥር መሞቅ ጀመረ። አለቀስኩ። ለኤለመንት ሲለቀስ አይቶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ደነገጠ። ተጋባን።

አንዲት ልጅ ወለድን። ቮርቢ ጎርድ ነው ያሳደግናት፤ ሐይቁ ቅርብ ነው። አባትና ልጅ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ውሃው ዳር ይወርዳሉ። እሱ ስለ ድንጋይ ይተርካል፣ እሷ ድንጋይ ትለቅማለች። «አባዬ፣ ያዝ! አባዬ፣ ይህንንም ያዝ!» እያለች ኪሱን ትሞላዋለች። ሲመለሱ ኮቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ነው። የዚያን ኮት ኪስ ስንት ጊዜ እንደ ሰፋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ድንጋዩን ጣሉት ስል ሁለቱም በአንድ ፊት ያዩኛል፤ መልካቸውም ቁርጥ አንድ ነው።

አድጋ ጂኦሎጂ ስትገባ ባሌ መሬት አልበቃችውም። ሁለት ዓመት ተማረችና ተወችው። የሙያ ትምህርት ቤት ገብታ ድሪፍትቴክኒከር ሆነች፤ የሕንጻ ማሞቂያ፣ አየር ማስገቢያ፣ ቧንቧና ፓምፕ የምትቆጣጠር ማለት ነው። እኔ ደስ አለኝ፤ የቀዘቀዘ ቤት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ ደስ አላለውም። የተመረቀች ቀን ደግሼ ጎረቤቱንም የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻችንንም ጠራሁ። ቤቱ ሞላ። ባሌ ሞቅ ብሎት ብርጭቆውን አንሥቶ ቆመና እንዴት እንደተገናኘን ያቺን ጨዋታ አወራ። በሩን፣ መወልወያውን፣ ጺማሙን ሰውዬ፣ ሁሉንም። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት።

«ባለቤቴ ለካ ያን ቀን ትንቢት ነው የተናገረችው» አለ። «እኔ ዕድሜ ልኬን የአህጉር ድሪፍት ስል፣ ልጄ የሽንት ቤት ድሪፍት ሆና አረፈችው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፣ ግን ሳቅኩ። ልጄ ሳህኗን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ጃኬቷን ለበሰች፣ ወጥታ በሩን በዝግታ ዘጋችው።

እኔ በሳምንቱ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አቅፋኝ በስዊድንኛ «ችግር የለም፣ እማዬ» አለችኝ። ከእኔ ጋር ድሮም የምታወራው በስዊድንኛ ነው፤ በአማርኛ እናገራለሁ፣ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፣ እንግባባለን። ከአባቷ ጋር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በአማርኛ ብቻ ሆነ። እሱም በአንቱታ። «ደህና ዋሉ?» «ጤናዎ እንዴት ነው?» «ደህና ይሁኑ።» ይኸው ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ትመጣለች፣ ጉንጩን ትስማለች፣ «እንኳን አደረስዎ» ትላለች፣ ትሄዳለች።

የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በቅናት ሞቱ። እዚህ አድጋ አባቷን እርስዎ የምትል ልጅ! የእኛዎቹ ስማችንን ነው የሚጠሩን ይሉኛል። ፈገግ እላለሁ። ምን ልበል? በስዊድንኛ ሁሉም ሰው «ዱ» ነው፣ አለቃም ልጅም፣ ልጄ አባቷን የምታርቅበት ቃል የላትም። ስለዚህ ከእኛ ተዋሰች። አክብሮት የመሰላቸው ነገር ቅያሜ እንደሆነ የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን። ባሌም ያውቅ ነበር። «እርስዎ» ባለችው ቁጥር መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል፤ ንጹሑን መነጽር።

እንዲህ ሆነን ስድስት ዓመት አለፈ።

ዘንድሮ በብርዱ ወቅት ሶለንቱና ያለው የአረጋውያን የቅዳሜ ስብስብ ባሌን ንግግር እንዲያደርግ ጠየቀው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የጠየቀው ስላልነበረ በአንድ ጊዜ ከዕድሜው አሥር ዓመት ተቀነሰለት። የመረጠው ያንን የድሮ ክርክር ነው፤ በተለይም አህጉራት ይሄዳሉ ሲባል ካልሳቁት ጥቂት ጂኦሎጂስቶች አንዱን። ስሙን ባሌ በቀን አሥር ጊዜ ያነሳዋል፣ ከቤተሰቤ ስለ አንዱ የሚያወራልኝ እስኪመስለኝ።

መጀመሪያ ቃል ጠፋበት። ዕድሜውን በስዊድንኛና በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ኖሮ ድሪፍትን በአማርኛ ምን ልበለው ብሎ ወጥ ቤት ገብቶ ይቆማል።

«መንሸራተት ልበለው?»

«ተው! እዚያ ከሚመጡት ግማሾቹ በበረዶ ተንሸራተው ዳሌያቸውን የሰበሩ ናቸው።»

«መንሳፈፍስ?»

«ጀልባ ነው እንዴ?»

«እሺ አንቺ ንገሪኝ።»

«ጉዞ በለው። የአህጉራት ጉዞ። ሁሉም ይገባዋል።» ሽንኩርቴን እየከተፍኩ ነበር። ጉዞ ብሎ ጻፈ።

ጽፎ ሲጨርስ ወጥ ቤት ውስጥ አነበበልኝ። የተቃዋሚዎቹ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነበር፤ እሺ ይሄዳሉ እንበል፣ ግን ምን ይገፋቸዋል? ድንጋይን የሚያህል ነገር ምን ኃይል ያንቀሳቅሰዋል? ለዚህ መልስ ስለጠፋ ነው ሐሳቡ መሳቂያ የሆነው። የባሌ ሰውዬ ግን ሙቀት ሊሆን ይችላል አለ። ከእግራችን በታች ጥልቅ ውስጥ ያለው ድንጋይ ይሞቃል፣ በጣም በጣም በዝግታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቅዞ ይወርዳል፣ ሲዞር ላዩ ላይ ያለውን ምድር ይዞ ይሄዳል። ማረጋገጫ እንደሌለው እሱ ራሱ አልደበቀም። ሰሚ ባያገኝም ሐሳቡን አልጣለም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነገሩ ወደ እሱ አጋደለ። ባሌ እዚህ ሲደርስ ድምፁ ወፈረ። የራሳቸው ያልሆነውን ዕውቀት ንቀው በሰው ፊት የሚስቁ ምሁራን፣ እያለ ቀጠለ።

ቢላዬን አስቀመጥኩ።

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔ ምን?»

«አንተስ አልሳቅክም? እኔ እኮ አህጉር ስላንቀሳቀስክ አይደለም ያገባሁህ። ኤለመንቴን ስላሞቅክልኝ ነው። እጅህ ላይ የነበረችው ያቺ ትንሽ ቁልፍ ዛሬ የልጅህ እጅ ላይ ብትሆን ምኑ ነው ያሳፈረህ?»

ወረቀቱን ሰበሰበ፣ ኮቱን ለበሰና ወደ ሐይቁ ወረደ። ሲመለስ ጆሮው በብርድ ቀልቶ ነበር። ራት በላን፣ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሰውን መግፋት የሚቆምበትን ቦታ ታውቂዋለሽ።

ከንግግሩ ቀደም ባለው ቅዳሜ ሶለንቱና ስንሄድ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ኤለመንቶች ግማሾቹ በረዶ ሆነው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነው የዋሉት። ነገሩን አሰብኩበትና ለልጄ ደወልኩ።

«የሚመጣው ቅዳሜ አዳራሹን እይልን፣ ሰዎቹ በብርድ አለቁ።»

«እሳቸው ናቸው ንግግር የሚያደርጉት?» አለችኝ፤ ‹እሳቸው› የምትለዋን ብቻ በአማርኛ።

«እሱ ይናገራል፣ አንቺ ኤለመንት ታያለሽ። ተያዩ ያላችሁ የለም።»

«እሺ» አለች። ብልጠቴን አውቃው ነው እሺ ያለችው፤ ልጄ ሞኝ አይደለችም።

ቅዳሜ ደረሰ። ከቮርቢ ጎርድ በሜትሮው ቀይ መስመር፣ ከዚያ በባቡር ሶለንቱና እስክንደርስ ባሌ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ይዞ በመስኮት ያያል። አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ከነካፖርታቸው ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ልጄ የተመረቀች ቀን ቤታችን ነበሩ። ጀመረ። ስለ ተቆረሰው ዳቦ አወራ፣ ወደዱለት። ስለ አፍሪካና ስለ ደቡብ አሜሪካ የባሕር ዳርቻ ድንጋዮች መመሳሰል አወራ፣ አደመጡት። ከዚያ ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ ድንጋይ ሄደ ይሉኛል። ይሂድ። ሞተሩ የታለ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው! ያኔም ምሁራኑ የጠየቁት ይህንኑ ነው» ብሎ ባሌ ኮንቬክሽን ስለሚባል ነገር ማስረዳት ጀመረ። የሙቀት ልዩነት አለ፣ የጥግግት ልዩነት አለ፣ ማንትል አለ። እኔ እንኳ ስንት ጊዜ ሰምቼው ጠፋኝ። አንዲት እናት ማንቀላፋት ጀመሩ።

ያን ጊዜ ከኋላ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ዞረ። ልጄ በሥራ ልብሷ፣ መሣሪያዋን መሬት ላይ ዘርግታ፣ በር አጠገብ ያለው ኤለመንት ሥር ተንበርክካለች። መቼ እንደገባች አላየሁም። በአንድ እጇ ቁልፏን፣ በሌላው የወረቀት ኩባያ ይዛ፣ ሰው ሁሉ ሲያያት ፊቷ ቀላ።

ባሌ መነጽሩን አወለቀ። አልጠረገውም። ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው።

«ወረቀቱን ልተወው» አለ። «ከዚህ ቀጥሎ የጻፍኩት በዚያ ሰውዬ ሐሳብ የሳቁትን ሰዎች የምወቅስበት ነው። ግን እኔም ስቄያለሁ። በቤቴ፣ በእናንተ ፊት፣ በልጄ ሥራ ስቄያለሁ። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ፣ እኔ ስላሳቅኳችሁ ሳቃችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የእሷ ሙያ አላሳፈረኝም፤ ያፈርኩት የእኔን ስለተወችው ነው። ይህን ለማለት ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

እኔ መሐረቤን ፈልጌ አጣሁት።

«ሞተሩን የጠየቁኝ ጋሼ» አለ ባሌ፣ «እሷን ይጠይቋት። እኔ ሙቀት እንዴት እንደሚሄድ በወረቀት ነው የማውቀው። እሷ በእጇ ታውቀዋለች።»

ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ ምን አውቃለሁ፣ በእንባ ታጥቤያለሁ። ኩባያዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሣች። የተናገረችው በአማርኛ ነው፣ ሠላሳ ሰው ፊት፣ ከሕፃንነቷ ወዲህ ይህን ያህል አማርኛ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ድሮ ቤት ፓምፕ የለም» አለች። «ምድር ቤት ውሃዋ ትሞቃለች። ስትሞቅ ቀላል ነች። ቀላል ከሆነች ትወጣለች። ላይ ስትደርስ፣ ኤለመንት ውስጥ፣ ትቀዘቅዛለች፣ ትከብዳለች፣ ትወርዳለች። ዞር፣ ዞር። ማንም አይገፋትም። እሷ ራሷ ነች ሞተሩ።»

«ውሃው» ብለው አንድ ሽማግሌ ሊያርሟት ሲሉ ባለቤታቸው በክርን ጎሰሟቸው።

«መሬት ውስጥም ሙቀቱ እንደዚህ ነው። ድንጋይ ስለሆነ ግን ቀስ ይላል። በጣም፣ በጣም ቀስ» አለች ልጄ። አባቷን ሳይሆን ሹፌሩን እያየች ነበር የምትናገረው።

«አሁን ገባኝ!» አሉ ሹፌሩ። «ለካ ዶክተር፣ ሁለታችሁም ድሪፍት ናችሁ!»

ሰው ሳቀ። የምረቃዋ ቀን ሳቅ ትዝ አለኝና ወደ ልጄ ዞርኩ። እሷም ትስቅ ነበር፣ አፏን በእጇ ጀርባ ሸፍና፣ አባቷም የሚስቀው እንደዚያ ነው።

ንግግሩ እዚያ ላይ አለቀ። ሰው ሻይ ለመቅዳት ተነሣ፣ ልጄ ወደ ሁለተኛው ኤለመንት ሄደች። ይኼኛው ክፉ ነው፤ ዝጓል፣ ቁልፉን በሁለት እጅ ካልያዙት አይዞርም፣ ኩባያውን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። ቀና ብላ ወደ እኔ አየች። ጉልበቴን ያዝኩና አልችልም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ጉልበቴ ያን ቀን ምንም አልሆነም ነበር።

ባሌ ከፊት ጀምሮ በወንበሮቹ መካከል መጣ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ግድግዳውን ደግፎ፣ ቀስ ብሎ፣ አጠገቧ ተንበረከከ። እሷ አላየችውም፣ ዓይኗ ቁልፉ ላይ ነው። ከጎኗ ኩባያውን አነሣችና ዘረጋችለት።

«አባዬ፣ ያዝ» አለችው።

ያዘ።